ተኝቶ አልቃሹ

ሕፃን በሌሊት ሲያለቅስ ጥፋተኛው ማን ነው ቢባል በእኛ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሆዱ ነው ተባለ። ቀጥሎ ጥርሱ ነው ተባለ። ሆዱም ጥርሱም ደህና ሆነው ሲገኙ ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

ሥራዬ ቁልፍ መቅረጽ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት አላት፤ እዚያች መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ማሽኗ ስትነሳ ትጮኻለች፤ ብረት ብረትን ሲበላ ምን እንዲል ይጠበቃል፣ እንዲዘምር? ቢሆንም አንድ ቁልፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም። የሰፈሩ ሰው ቁልፉን ጣለ ማለት ወደ እኔ መጣ ማለት ነው። ሚስቱ ያስወጣችው፣ ልጁ የቆለፈበት፣ ሞቅ ብሎት የራሱን በር ከጎረቤት በር ያምታታው፣ ሁሉም በዚያች መስኮት አንገቱን አስግጎ ጉዱን ዘርግፎልኛል። አንዱንም ለሌላ ሰው አላወራሁም። ለዚህ ያመሰገነኝ ግን የለም።

ልጄ አንድ ናት፤ ፖስታ ቤት ትሠራለች። ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የትኛው ወንዝ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የቤታችን ቧንቧ ሲያፈስ ግን ውሃው ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው እኔን ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ወደዚህ ቤት በገባ በሦስተኛው ወር ግን የሱቄ ማስታወቂያ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል ብሎ መሰላል አቁሞ በቀለም አረመው። በደግነት መሆኑ ነው። ያ ማስታወቂያ በተሳሳተ ፊደሉ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛ አምጥቷል፤ ፊደሉን አይቶ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት አባቴ ሞቶብኝ እንጂ ደንቁሬ አይደለም፤ እሱን የሚጠይቅ ግን የለም። መሰላሉን ቆሜ የያዝኩለትም እኔው ነኝ።

የመምህሩ እናት ደግሞ ነርስ ነበረች። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። በሠርጉ ዕለት ለዘመዶቿ ስታስተዋውቀኝ፣ “እኚህ የሙሽራዋ አባት ናቸው፤ አቶ ቁልፍ” አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ፊት ምን ይደረጋል። ይኼው ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስሜ ለሷ አቶ ቁልፍ እንደሆነ ቀረ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ነው የምላት።

እንግዲህ በዚህ መሀል ልጁ ተወለደ። ጄኔራሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ገና “እኝ” ሲል ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ በተጠንቀቅ ስለሚቆም። ቀን ቀን ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ጢሜን ይዞ ይስቃል፣ የሰጡትን ይበላል፣ ያልሰጡትንም ይበላል። ሌሊት ግን በር ላይ ጣቱን የቆለፉበት ይመስል ይጮኻል። ያኔ መምህሩ መብራት ያበራል፣ ልጄ ከአልጋው ብድግ ታደርገዋለች፣ ጄኔራሉ ዓይኑን ይከፍትና እኛን ሲያይ የባሰ ይጮኻል። ከዚያ ሳሎኑን ወዲህ ወዲያ፣ እሽሩሩ፣ ጡጦ፣ እንደገና እሽሩሩ። አንድ ሰዓት። ሲያሸልብ ይመልሱታል፤ ገና ጎናቸውን ሳያሳርፉ ይደግማል። በሌሊት አራቴ አምስቴ።

ልጄ ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ አላየችም። አንድ ቀን ቆማ እያሸለበች ማኅተሙን ፖስታው ላይ ሳይሆን የደንበኛው እጅ ላይ መታችው። ሰውየው ደግ ሆኖ፣ “ወዴት እየላክሽኝ ነው?” ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ቤት መጥታ አለቀሰች።

ያን ዕለት ነው ነገሩ ወደ እኔ የዞረው። መምህሩ ወረቀት ላይ መስመር አስምሮ አመጣ። በዚህ በኩል ማሽኗ ቀን ስንት ጊዜ እንደጮኸች፣ በዚያ በኩል ልጁ ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ።

“አባባ፣ ቅር እንዳይልዎት” አለኝ። ቅር እንዳይልህ ካሉህ ቅር የሚያሰኝ ነገር መጥቷል ማለት ነው። “ሕፃን ቀን የሰማውን ሌሊት በሕልሙ ይሰማዋል። ማሽኑ ነው የሚያስበረግገው።”

“ማን ነው ያለው?”

“ይኼው፣ ቁጥሩ።”

“ቁጥሩማ ዝናብ ሲዘንብም ደንበኛ ይቀንሳል። ደንበኛ ስለቀነሰ ነው የሚዘንበው?”

ሲስተር ከወዲያ ሆና፣ “አቶ ቁልፍ፣ ይኼ የሥነ ልቦና ነገር ነው፤ በሞረድ አይሞረድም” አለች።

ልጄ ወረቀቱን አየች፤ እኔን ግን አላየችኝም። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው።

ተወሰነ። ገበያው ውስጥ ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ ተገኝቷል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ፒካፕ ይመጣና ማሽኗንም ጠረጴዛውንም ይጭናል። የፊት ክፍሏ ደግሞ፣ ይኼን ልብ በሉልኝ፣ የሲስተር ማረፊያ ትሆናለች። ደረጃ ሥር ማን ያገኘኛል? ሰው ቁልፍ የሚጠፋበት ቤቱ ደጃፍ ነው እንጂ ገበያ መሀል አይደለም። ያቺ መስኮት ከተዘጋች እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ምሳ ሰዓትን የሚጠብቅ ሽማግሌ።

አኩርፌ ከረምኩ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱንም ስርቆቱንም ትቼ ቂሙን ብቻ ይዤ ቁጭ አልኩ።

እሑድ ማታ ባልና ሚስት የሥራ ባልደረባ ሠርግ ተጠርተው ልጁን ለእኔ ትተው ሄዱ። ሲስተር ገና ጠቅልላ አልገባችም ነበር። ሌሊት ጄኔራሉ ጀመረ። እኔ ደግሞ ጉልበቴ በብርድ አይታዘዝም፤ ከአልጋ ለመውረድ መጀመሪያ ቀኝ እግሬን በእጄ አንሥቼ ማውረድ አለብኝ፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን። በሩ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ገብቼ አየሁት፤ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጆሮዬ ነው ብዬ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀድሜ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ያለቅሳል፤ ዓይኑ ግን ግጥም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ፊቱ ቀልቷል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፁ ጣራ ይበሳል። ክንዱን ቀስ ብዬ አንሥቼ ለቀቅሁት፤ እንደ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ልጁ ተኝቷል። እንደ ሰካራም ተኝቶ ነው የሚጮኸው። በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ሰማኒያ ላይ ስደርስ ድምፁ ቀጠነ፣ ሁለቴ ከንፈሩን መጠጠ፣ አለቀ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ማንም አላነሣውም፤ እሱም አልነቃም።

ጠዋት ነገርኳቸው። መምህሩ በትሕትና፣ “አባባ፣ የተኛ ሰው አያለቅስም” አለኝ። ሲስተርም ሻንጣዋን ይዛ ከተፍ ብላ ነበር፤ “ለቅሶን ዝም ብለው ይመልከቱ ነው የሚሉን? ምነው፣ ልጁ ቴሌቪዥን ነው?” አለች። ልጄ ብቻ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ሰዓቷን አየችና ወጣች። እኔም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላልኩም። አንዴ ተናግሬያለሁ።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። የልጁ ክፍል በር ምላሱ ተበልቷል፤ ዝም ብለው ከዘጉት ነፋስ ይከፍተውና ግድግዳውን ይመታል። ስለዚህ ማታ ማታ ከውጭ በቁልፍ አንድ ዙር እናዞረዋለን፤ ቁልፉም እዚያው በሩ ላይ ይተዋል። ቁልፍ ሠሪ ቤት ውስጥ በር እንዲህ ሰባት ወር ይቀመጣል ወይ ብትሉ፣ ሸክላ ሠሪ በገል ነው የሚበላው።

በእኛ ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ቁልፍ የሚቀረጸው ከዋናው ነው። ከቅጂ ቅጂ ከቀረጹ፣ ከዚያም ቅጂ ሌላ ከቀረጹ፣ ጥርሱ በፀጉር በፀጉር እየሸሸ ይሄዳል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቁልፉ ይገባል፣ ግን በቁጣ ካዞሩት ንቅንቅ አይልም። ለሚያውቀው ሰው ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ ትንሽ ቀና፣ ከዚያ ቀስ። የተናደደ እጅ ግን ይኼን በሺህ ዓመት አያገኘውም። ረቡዕ ከሰዓት የበሩን ቁልፍ ወስጄ አራተኛ ትውልድ ቀረጽኩለትና እሱን በሩ ላይ ተክቼ ዋናውን ኪሴ ከተትኩ። እነሱ ከበሩ ጋር ሲታገሉ ልጁ በራሱ ዝም ይላል፤ የምር ነቅቶ ቢጣራ ደግሞ እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፤ በአንድ ትንፋሽ እከፍታለሁ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማታ መቆለፉንም ጠዋት መክፈቱንም እኔው ያዝኩ፤ የክፍሌ ብርድ ለጉልበቴ አልተስማማም ብዬም ወንበሬን ኮሪደር ላይ አወጣሁ።

ረቡዕ ሌሊት ጄኔራሉ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። ወታደር ሲፈለግ ይጠፋል። ሐሙስ ሌሊት ግን ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ድመት፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፁ።

መምህሩ ባዶ እግሩን ከተፍ አለ። ቁልፉን አዞረ። እምቢ።

“ምን ሆነ ይኼ ነገር?”

“ወደ ቀኝ አዙረው” አለች ልጄ ከኋላው።

“ወደ ቀኝ ነው የማዞረው።”

“እስቲ ወደ ግራ።”

“ሰባት ወር የከፈትኩት በር እኮ ነው።”

“ታዲያ ክፈተዋ።”

ሲስተር ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። “ዞር በሉ። ሁለት ዲግሪ አንድ በር አቃተው?” ያዘችው፣ ታገለችው፣ በሩን በጉልበቷ ደገፈችው። “አቶ ቁልፍ የት ናቸው? የበር ሰው በበር ቀን ይጠፋል?”

“አለሁ፤ መነጽሬን እየፈለግሁ ነው” አልኩ ከኋላቸው፣ ጨለማው ውስጥ ወንበሬ ላይ ሆኜ። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር።

በሆዴ እየቆጠርኩ ነው። መቶ ሃያ። መምህሩ መዶሻ አለ። ሲስተር መዶሻ ልጁን ያስደነግጣል አለች። መቶ ሃምሳ። ልጄ በሩ ሥር ተንበርክካ፣ “መጣሁ የኔ ጌታ፣ እማዬ መጣች” ትላለች። መቶ ሰባ። ድምፁ ቀጠነ፤ ተቆራረጠ፤ ዝም አለ።

ይኼኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ልጄ ግን ቀና ስትል ፊቷን አየሁት፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

“ለምን ዝም አለ?” አለች። “ለምንድን ነው ዝም ያለው?”

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። የማይከፈት በር ወዲያ ማዶ ከሚያለቅስ ልጅ ይልቅ ዝም ያለ ልጅ እንደሚያስፈራ ለእናት ነው የሚታወቀው። ጉልበቴ ድንገት ዳነ። ሦስቱንም ገፋ አድርጌ ቁልፉን በሁለት ጣት ያዝኩ፤ ሳብ፣ ቀና፣ ቀስ። ተከፈተ።

ጄኔራሉ አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ፣ በሕልሙ አንድ ነገር እያላመጠ ተኝቷል። ልጄ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ሲስተር አንጓዋን ያዘቻት።

“አትንኪው።”

ጎንበስ አለች። ትንፋሹን ሰማች። ክንዱን አንሥታ ለቀቀችው፤ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ተኝቷል” አለች። “ሲያለቅስም ተኝቶ ነበር።”

ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ሲስተር እንዲህ አለች፦

“ሆስፒታል ሳለሁ ሌሊት ተረኛ ስሆን ለሃያ ሁለት ሕፃን ሁለት ሰው ነበርን። አንዱን በጡጦ ስናጠባ ሌላው ይጀምራል፤ ያኛውን ጨርሰን ስንደርስ ዝም ብሎ እናገኘዋለን። ስንቱ እንዲህ ሆነ መሰላችሁ። ዛሬ ዕድል ቀናን እንል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕድል ይመስለኝ ነበር።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ለሦስታችን እምቢ ያለ በር ለእርስዎ በሁለት ጣት ተከፈተ።”

ውሸት ይዤ ነበር፤ ዝገት ነው ልል ነበር። ግን የልጄ ዓይን ገና ከልጁ በር ላይ አልተነሣም። ዋናውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናገርኩ።

መምህሩ ሁለቱን ቁልፎች ጎን ለጎን አድርጎ መብራት ላይ ያያቸው ጀመር። ልጄ ግን እኔን ነው የምታየው።

“ልጄን ቆለፍክብኝ?”

“ብነግርሽ አልሰማሽኝም።”

“ባልሰማህስ? ሁለተኛ አትነግረኝም? እጄን ይዘህ ነይና እዪው አትለኝም?” ድምፅዋ አልጮኸም። “አባዬ፣ አንተ እኮ አንድ ጊዜ ትናገርና ካልሰሙህ ሰባት ዓመት ታኮርፋለህ።”

“ይቅርታ” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ቁልፍ ራሱ ነው፤ እየተንገራገጨ። እሷም፣ “እሺ፣ በል ተኛ፤ እግርህ በርዷል” አለችኝ። ልጄ ናት፤ ቂም ከእኔ አልወረሰችም።

ዓርብ በሩን ጠገንኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ማታ አራታችንም በሩ ክፍት ሆኖ ኮሪደር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሲያለቅስ ልጄ ልትነሣ ስትል ሲስተር ቀሚሷን ይዛ፣ “ዓይኑን ካልከፈተ የለንበትም” ትላታለች። ሁለት ጊዜ አለቀሰ፤ ሁለቴም በራሱ አቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ያለቅስ አያልቅስ አላውቅም፤ ሁላችንም ወንበር ላይ ተኝተን ነበር። ጠዋት የቀሰቀሰን ራሱ ጄኔራሉ ነው፤ ቁጭ ብሎ በሰልፍ የተኛ ሠራዊቱን እያየ ይስቃል።

ያም ሆኖ መምህሩ ወረቀቱን አልጣለም። “መተኛቱ ታወቀ፤ በእንቅልፉ የሚያስለቅሰው ነገር ግን አልታወቀም። ማሽኑ ሊሆን ይችላል” አለ። የተማረ ሰው አንዴ መስመር ካሰመረ ማጥፋት ይከብደዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒካፑ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ እኔም ሞረዶቼን በጨርቅ መጠቅለል ጀመርኩ። ጄኔራሉ የረፋድ እንቅልፉን ሊተኛ ከልጄ ትከሻ ላይ ይነጫነጫል፤ እምቢ ብሏል።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች መስኮቱ ላይ መጣች። “ጋሼ፣ ካውያው በርቷል፣ እኔ ውጭ ነኝ፣ ቁልፉን ውስጥ ትቼዋለሁ።” የሷን ቁልፍ የጥርስ ልክ ደብተሬ ላይ ይዤዋለሁ፤ መቅረጽ ብቻ ነው የቀረው። እጄን ወደ ማሽኗ ሰደድኩና ተውኩት፤ ሕፃን እያስተኙ ነው።

“ይቅረጹላት” አለች ሲስተር ከሳሎን። “ቤት ከሚቃጠል ልጅ ቢያለቅስ ይሻላል። እኔ አጠገቡ ሆኜ አያለሁ።”

አስነሣኋት። ጮኸች። ቀርጬ ሰጠኋትና ሴትዮዋ እየሮጠች ሄደች። ማሽኗን አጠፋሁ። ወዲያው ከውስጥ “እኝ” የሚል መጣ።

“ያብሯት” አለች ሲስተር።

“ምን?”

“ማሽኗን ነዋ። ያብሯት።”

አበራሁ። በበሩ በኩል አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጄኔራሉ በእናቱ ትከሻ ላይ ዓይኑ እየከበደ፣ አፉ እየተከፈተ፣ ሄደ። አልጋው ላይ አስተኙት። አጠፋሁ፤ ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሩን ቋጠረ። አበራሁ፤ ግንባሩ ተፈታ።

“በእናቱ ሆድ እያለም ይኼንኑ ሲሰማ የኖረ ልጅ ነው” አለች ሲስተር። “ለእሱ እሽሩሩ ማለት ይኼ ነው።” ልጇን ዞር ብላ አየችው። “ያን ወረቀትህን አምጣው፤ ለጡጦ ማስቀመጫ ይሆነናል።”

መምህሩ ወረቀቱን አላመጣም። ወደ እኔ መጥቶ፣ ሞረዶቼን ከጨርቁ ፈትቶ በየቦታቸው መመለስ ጀመረ። ትልቁንና ትንሹን አምታታቸው። አላረምኩትም።

ባለ ፒካፑ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቴ ላይ መጣ። “ጋሼ፣ ልጫን ወይስ ልሂድ?” ሲል ከአፉ እንቅስቃሴ ገባኝ እንጂ በጩኸቱ ድምፁ በቅጡ አይሰማም።

“አቶ ቁልፍ፣ እንዳያቆሙ” የሚል ከውስጥ መጣ። የሚቀረጸውን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ማሽኗ ባዶዋን ነው የምትዞረው። ባዶ ስትዞር ደግሞ ድምፁ ይለያል፤ ጄኔራሉ መነጫነጭ ጀምሯል።

“ኪስህ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሁሉ አምጣ” አልኩት ሾፌሩን።

“ለምን? ምንም አልጠፋብኝም።”

“ይጠፋብሃል። ሰው ነህ አይደል?”

ግራ ገብቶት አምስት ቁልፍ ያለበት ቀለበት ሰጠኝ። የቤቱን ቀረጽኩለት፣ የግቢውን ቀረጽኩለት፣ የአማቱን ቤት የምትከፍተውን አልፈልግም ቢልም እሷንም ቀረጽኩለት። ልጄ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ራሷን ደፋ በማድረግ ተኝቷል የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ከዚያ እዚያው በሩን እንደተደገፈች ዓይኗን ጨፈነች።

አራተኛውን ጀመርኩ።